ቍልፉን የጣለ ሰው ዘበኛውን አይስደብ

በዛሬው ዘመን ወጣቶች ዘንድ አንድ ዐይነት እሮሮ ተለምዷል። ልጁ ስልኩ ይሰረቅበታል፥ ወይም ውሃ ውስጥ ይወድቅበታል፥ ወይም አሮጌውን ሸጦ አዲስ ይገዛል፤ ከዚያም ብዙ ዓመት ሲጫወትበት ወደ ኖረው የጌም አካውንት ሊገባ ሲል በሩ ይዘጋበታል። ስሙን ያውቃል፥ የይለፍ ቃሉንም ያውቃል፤ ነገር ግን በሩ ሌላ ሦስተኛ ነገር ይጠይቀዋል፤ ይኸውም በጠፋው ስልክ ላይ በየጊዜው ይወጣ የነበረው የማረጋገጫ ኮድ ነው። ይህን ኮድ የሚያወጣውን ፕሮግራም አውተንቲኬተር ይሉታል። ልጁም ኮዱን ሊያመጣ አይችልምና መጀመሪያ ይለምናል፥ ቀጥሎ ይቈጣል፥ በመጨረሻም «ገንዘቤን በልተው ከገዛ ቤቴ አስወጡኝ» እያለ ኩባንያውን ይራገማል። ጓደኞቹም አብረውት ይራገማሉ።

እኔ ግን በዚህ እርግማን አልተባበርም። ዘበኛው ልጁን ያለ ማስረጃ አላስገባም በማለቱ በደለኛ አይደለም፤ በደለኛ የሚሆነው ያለ ማስረጃ ያስገባው እንደ ሆነ ነው። ልጁ ዛሬ ጭካኔ የሚለው እንቢታ፥ ትናንት እርሱ ተኝቶ ሳለ ንብረቱን ሲጠብቅለት ያደረው ያው እንቢታ ነው። ትናንት ሌባውን እንቢ ሲል መልካም ነበር፥ ዛሬ እኔን እንቢ ሲል ግን ክፉ ነው ማለት ፍርድን ለራስ ጥቅም ማጣመም ነው። ይህንም ነገሬን በማስረጃ ላስረዳ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ከሁሉ አስቀድሞ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይገባል፤ ሰው የማያውቀውን ነገር መራገም ይቀለዋልና። አውተንቲኬተሩን በስልክህ አስገብተህ ከአካውንትህ ጋር ባገናኘህበት ቀን፥ አንተና ኩባንያው አንድ ረጅም የምስጢር ቍጥር ትካፈላላችሁ። አንዱ ቅጂ በኩባንያው ዘንድ ይቀመጣል፤ ሁለተኛው በስልክህ ውስጥ ይደበቃል። ከዚያ በኋላ ሁለቱም በየበኩላቸው ይህን ምስጢር ከሰዓቱ ጋር አጣምረው ያሰላሉ፤ የስሌቱም ውጤት በየ30 ሴኮንዱ የሚለወጥ አጭር ኮድ ነው። አንተ የጻፍኸው ኮድ ኩባንያው ካሰላው ጋር አንድ ከሆነ በሩ ይከፈታል። የዚህ ስሌት ደንብ በ2011 ለዓለም ሁሉ ታትሞ ወጥቷል፤ ደንቡን ማንም ሊያነበው ይችላል፤ ምስጢር የሆነው ቍጥሩ ብቻ ነው። ስልኩ ኢንተርኔት ሳይኖረው እንኳ ኮዱን ሊያወጣ የሚችለውም ስለዚህ ነው።

ብዙዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። ሲም ካርድ ቢጠፋ ወደ ቴሌ ሄዶ፥ ማንነትን አስረድቶ፥ የቀድሞውን የስልክ ቍጥር መልሶ ማውጣት ይቻላል። ልጁም «ቍጥሬ ከተመለሰ ሁሉ ተመለሰ» ብሎ ደስ ይለዋል። ነገር ግን ምስጢሩ የነበረው በሲም ካርዱ ላይ አይደለም፤ በስልኩ ውስጥ በነበረው ፕሮግራም እንጂ። ያንኑ ፕሮግራም በአዲሱ ስልክ ላይ ቢጭነው ባዶ ሣጥን ጫነ እንጂ ቍልፉን አላገኘም። ጉግል በ2010 ያወጣው አውተንቲኬተር እንኳ ብዙ ዘመን ምስጢሮቹን በስልኩ ላይ ብቻ ሲያኖር ቈይቶ፥ መጠባበቂያ ቅጂያቸውን ከባለቤቱ የጉግል አካውንት ጋር አያይዞ ማኖር የተቻለው በኤፕሪል 2023 ነው። እንግዲህ ስልኩን ከመሸጡ ወይም ፎርማት ከማድረጉ በፊት ምስጢሩን ወደ ሌላ ያላዛወረ ሰው፥ ቤቱን ቈልፎ ቍልፉን ከአሮጌ ኮት ኪስ ጋር እንደ ሸጠ ሰው ነው። ኮቱን የገዛው አልበደለውም፤ በሩም አልበደለውም።

ይህ ሁሉ ጥበቃ ለምን አስፈለገ? ጌም ከጨዋታነት አልፎ ንብረት ስለ ሆነ ነው። ብሊዛርድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የተባለውን ጌም በ2004 ካወጣ በኋላ የተጫዋቾቹ አካውንት የሌቦች እርሻ ሆነ፤ ስለዚህ በ2008 ከቍልፍ መያዣ ጋር የምትንጠለጠል ኮድ አውጪ መሣሪያ ሠርቶ በ6 ዶላር ከ50 ሳንቲም ሸጠ። ስቲም የተባለውን የጌም መደብር የሚያስተዳድረው ቫልቭም በ2015 አውተንቲኬተሩን በስልክ ላይ አወጣ። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር ኩባንያው ራሱ በጻፈው መግለጫ በየወሩ 77,000 ያህል አካውንቶች እየተሰረቁ ይዘረፉ እንደ ነበር አስታውቋል። የተዘረፉትም የዋሃንና ጀማሪዎች ብቻ አልነበሩም፤ በሙያው የተደነቁ ተጫዋቾችና የጌም ዕቃ ነጋዴዎች ጭምር ነበሩ። በካውንተር ስትራይክ ጌም ውስጥ ለመሣሪያ ጌጥ የሚሆን አንድ ሥዕል በብዙ ሺህ ዶላር የሚሸጥበት ጊዜ አለና ሌባው የሚደክመው በከንቱ አይደለም። እንግዲህ ዘበኛው የተቀጠረው ሌባ ስለ በዛ ነው፤ ባለቤቱን ለማስጨነቅ ዘበኛ የቀጠረ ማንም የለም።

አሁን ልጁ የሚያቀርበውን ክርክር እንስማ። «እኔ እውነተኛው ባለቤት ነኝ፤ የራሴን ለመውሰድ ስለ ምን ማስረጃ እጠየቃለሁ?» ይላል። ይህ ቃል እውነት ሊሆን ይችላል። ችግሩ ግን ሌባውም በዚያው ቀን፥ በዚያው ቃል፥ በዚያው እንባ የሚናገረው ይህንኑ መሆኑ ነው። እንዲያውም ሌባው ልምድ ስላለው የሚያሳዝን ደብዳቤ መጻፍን ከባለቤቱ ይልቅ ያውቅበታል። ዘበኛው የተቀመጠው ባሕር ማዶ ነው፤ ፊትህን አላየም፥ እናትህን አያውቅም፥ ጎረቤትህን ጠርቶ ሊጠይቅ አይችልም። በፊቱ ያሉት ሁለት ደብዳቤዎች ብቻ ናቸው። በእንባ ብዛት ይፍረድን?

በእንባና በስሜት የፈረደ ዳኛ ምን እንደሚደርስበት ለማወቅ የኦሪት ዘፍጥረትን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። ይስሐቅ ዐይኑ በፈዘዘ ጊዜ ያዕቆብ የወንድሙን የዔሳውን ልብስ ለብሶ፥ እጁንና አንገቱን በጠቦት ቈዳ ሸፍኖ ቀረበ። ሽማግሌው ተጠራጠረ፤ ድምፁ የያዕቆብ፥ እጁ ግን የዔሳው ሆነበት። ሁለቱ ምልክቶች እርስ በርሳቸው ሲጣሉ እያየ በአንደኛው ብቻ ረክቶ ባረከው። ወዲያው እውነተኛው ዔሳው ከአደን ተመልሶ ሲመጣ የቀረለት ታላቅ ለቅሶ ብቻ ነበር፤ በረከቱ ከእጅ ወጥቶ ነበርና። በዚያ ነገር የእግዚአብሔር አሳብ ምን እንደ ነበረ መጽሐፉን የሚተረጕሙ ይናገሩ፤ እኔ የምናገረው ስለ በረኛው ነው። ዛሬ ሁለት ማስረጃ ካልተስማማ አልከፍትም የሚለው ዘበኛ የይስሐቅን ስሕተት እንዳይደግም የተማረ ዘበኛ ነው። አንተም በዚህ ታሪክ ውስጥ ራስህን ከዔሳው ጋር ቍጠር፤ በረኛው ቢላላ የምታለቅሰው አንተ ነህና።

ይህ የጥንት ታሪክ ብቻ ነው የሚል ቢኖር የቅርቡን ልንገረው። በጁን 2021 ኤሌክትሮኒክ አርትስ የተባለው ትልቅ የጌም ኩባንያ ተዘረፈ። ሌቦቹ ለጋዜጠኞች እንደ ነገሩት፥ መጀመሪያ ወደ ሠራተኞቹ የውስጥ መነጋገሪያ የሚያስገባ የተሰረቀ መረጃ በ10 ዶላር ገዙ፤ ከዚያም የኩባንያው ሠራተኛ መስለው ለቴክኒክ ክፍሉ «ትናንት ማታ ግብዣ ላይ ስልካችን ጠፋብን» ብለው ጻፉ። የቴክኒክ ክፍሉም አዝኖ የመግቢያውን ማረጋገጫ ሰጣቸው። ሌቦቹም 780 ጊጋባይት የሚያህል ሀብት፥ ከዚያም ውስጥ ፊፋ 21 የተባለውን ጌም ዋና ጽሑፍ ይዘው ሄዱ። አንባቢ ሆይ፥ የተናገሩትን ቃል ልብ በል፤ «ስልኬ ጠፋብኝ» ነው ያሉት። አንተ ዛሬ በእውነት የምትናገረው ቃል እነርሱ በሐሰት የተናገሩት ቃል ነው።

ኩባንያው ከዚህ በኋላ እንኳ አላመለጠም። በጃንዋሪ 2022 በዚያን ጊዜ ፊፋ ይባል በነበረው የእግር ኳስ ጌም ስማቸው የታወቀ፥ ቍጥራቸው ከ50 የማይሞላ ተጫዋቾች አካውንታቸው እንደ ተነጠቀ ኩባንያው አምኖ መግለጫ ሰጠ። ሌቦቹ ግድግዳ አላፈረሱም፤ ደንበኞችን የሚረዱትን ሠራተኞች በማስጨነቅና በማታለል አውተንቲኬተሩን ተሻግረው ገቡ። ኩባንያውም ሠራተኞቹን እንደ ገና ለማስተማርና የኢሜይል አድራሻ ይለወጥልኝ የሚል ጥያቄ ያለ አለቃ ፈቃድ እንዳይፈጸም ለማድረግ ተገደደ። እነዚያ ተጫዋቾች ምን አጥፍተው ነበር? ቍልፋቸውን አልጣሉም፥ የይለፍ ቃላቸውን ለማንም አልነገሩም። የተዘረፉት ሌላ ሰው ለሌላ ሰው ስለ ራራ ነው። እንግዲህ «ትንሽ ቢራሩልኝ ምን አለበት?» የምትል ልጅ፥ የምትለምነው ርኅራኄ ከማን ኪስ እንደሚከፈል ዕወቅ።

በዚህ ጭንቀት ውስጥ ሳለ ልጁን ሌላ አውሬ ያገኘዋል። «አትጨነቅ፥ እኔ እከፍትልሃለሁ» የሚል ሰው ይመጣል። ጥቂት መቶ ብር በቴሌብር እንዲልክለት ይጠይቃል፤ ቀጥሎ የኢሜይሉን የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ ከዚያም በስልኩ የሚመጣለትን ኮድ እንዲነግረው ይጠይቃል። በዚህ ሰው ላይ ያለኝን ፍርድ በአጭሩ ልናገር። ይህ ሰው ከሁለት አንዱ ነው። ወይም ሐሰተኛ ነው፤ ገንዘብህንም ኢሜይልህንም ወስዶ ይጠፋል፤ አንድ በር የተዘጋበት ልጅ በዚያ ምክንያት ሦስት በር ይዘጋበታል። ወይም በእውነት ያለ ማስረጃ የሚያስከፍት መንገድ አለው፤ እንዲህ ከሆነም ዛሬ የአንተን የከፈተበት እጅ ነገ የጓደኛህን ይከፍትበታል፤ አንተም ደመወዙን የከፈልህ ነህ። ሌባን ለራስ ጉዳይ ቀጥሮ ስለ ሌባ መብዛት ማማረር የማይቻል ነገር ነው።

ሐሰተኛ ደረሰኝ አዘጋጅቶ ወይም የሌላ ሰው መታወቂያ በራሱ ስም አስመስሎ የሚልክም አለ። «የራሴን ንብረት ለማስመለስ ነውና ኀጢአት የለበትም» ይላል። ይህ ክፉ ትምህርት ነው። እውነተኛ ጉዳይ በሐሰት ምስክር ከተደገፈ ጉዳዩ ራሱ ሐሰት ይመስላል፤ መርማሪው ሐሰቱን ያገኘው ዕለት እውነትህንም አብሮ ይጥለዋል። ደግሞም አካውንቱን ራሱን ከሌላ ሰው በርካሽ የገዛ ልጅ አለ። ስቲምን የመሰሉ ኩባንያዎች በውላቸው አካውንት መሸጥንና መግዛትን ይከለክላሉ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ የመጀመሪያው ደረሰኝ፥ የመጀመሪያው ኢሜይልና የመጀመሪያው የክፍያ ካርድ በሻጩ እጅ ናቸው። ስለዚህ ክርክር ቢነሣ በማስረጃ የሚያሸንፈው ሻጩ ነው። በእንዲህ ያለ አካውንት በሩ የተዘጋበት ልጅ ቍልፍ አልጣለም፤ ከመጀመሪያውም ቍልፍ አልነበረውም።

ከዚህ በኋላ ነገሬ ወደ እኩዮቼ ወደ ሽማግሌዎቹ ነው። «ጌም ነው፤ ቢጠፋ ምን ይጠቅማል? እንዲያውም እንኳን ጠፋ» የሚሉ አባቶች አሉ። ይህን ቃል አልወደውም። ልጁ ጊዜውን ሁሉ በጌም ቢያጠፋ መገሠጽ ይገባዋል፤ እርሱ ግን ሌላ ነገር ነው። ዛሬ የጌሙን በር የሚጠብቀው ያው ዐይነት ቍልፍ ነገ የኢሜይሉን፥ የባንክ ሒሳቡንና የመሥሪያ ቤቱን በር የሚጠብቅ ነው። በትንሹ ያልታመነ በብዙው እንደማይታመን ወንጌል አስተምሮናል። ልጁ በ20 ዶላር ጌም ላይ ቍልፍ አያያዝን ከተማረ ትምህርቱ በርካሽ መጥቶለታል፤ አባቱ ሲያፌዝበት ግን ከጥፋቱ የሚያገኘውን ትምህርትም ያሳጣዋል። ልጅ የሚያዝንበትን ነገር መናቅ ምክር አይደለም።

ለፍርድ ስንል ኩባንያዎቹም ዕዳ እንዳለባቸው መናገር ይገባል። ዘበኛ የሚቀጠረው እንዲጠይቅ ነው እንጂ መልስ ሳይሰጥ በሩን ዘግቶ እንዲሄድ አይደለም። የመጠባበቂያውን ኮድ በደቃቅ ጽሑፍ ሸሽጎ «ነግሬህ ነበር» የሚል ኩባንያ ተንኰለኛ ነው። ደብዳቤውን ሰው ሳያየው በማሽን መልስ ብቻ ደጋግሞ የሚመልስ፥ ማስረጃው ስለ ምን እንዳልበቃ የማይገልጽ፥ ወይም ጨርሶ የመመለሻ መንገድ ያላበጀ ኩባንያ የሰውን ገንዘብ ተቀብሎ አደራውን የረሳ ነው። ይህን ነቀፋ የሚናገር ወጣት ቢኖር እኔም ከእርሱ ጋር ነኝ። ነገር ግን ነቀፋችን «ጥያቄውን ግልጽ አድርጉልን» የሚል ይሁን እንጂ «ጥያቄውን ተዉልን» የሚል አይሁን። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በፍትሕና በልቅነት መካከል ያለው ልዩነት ነው።

እንግዲህ ብልህ ሰው ምን ያድርግ? አስቀድሞ የሚደረገው ይህ ነው። አንደኛ፥ አውተንቲኬተሩን ባስገባህበት ቀን የሚሰጥህን የመጠባበቂያ ኮድ በወረቀት ጽፈህ ከትምህርት ማስረጃህ ጋር አኑረው። የስቲም የመመለሻ ኮድ አር በሚባለው የላቲን ፊደል ይጀምራል፤ ጉግል ደግሞ እያንዳንዱ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ 10 ኮድ ይሰጣል። ኮዱን በዚያው በስልኩ ውስጥ ፎቶግራፍ አንሥቶ ማስቀመጥ ግን ትርፍ ቍልፍን በተቈለፈው ቤት ውስጥ እንደ መተው ነው። ሁለተኛ፥ በአካውንቱ ላይ የተመዘገበው ኢሜይልና ስልክ ቍጥር ዛሬ የምትጠቀምበት መሆኑን አረጋግጥ። ሦስተኛ፥ ጌም የገዛህበትን ደረሰኝ ሁሉ አትጣል። አራተኛ፥ ስልክ ከመሸጥህ በፊት አውተንቲኬተሩን አዛውር።

ጥፋቱ ከደረሰ በኋላ የሚደረገውም አለ። በቤትህ ባለው ኮምፒዩተር ላይ አካውንቱ ገና ክፍት እንደ ሆነ ተቻኵለህ አትውጣበት፤ ያ የቀረህ አንድ መስኮት ነው። ከዚያ ወደ ኩባንያው የራሱ የእርዳታ ገጽ ብቻ ሂድ። በስቲም የመመለሻው ኮድ ካለህ በእርሱ አውተንቲኬተሩን ታነሣለህ፤ ከሌለህ በተመዘገበው ስልክ ቍጥርህ በሚላክ መልእክት ይሞከራል፤ ሲም ካርድን መልሶ ማውጣት የሚጠቅመው በዚህ ጊዜ ነው። ያም ካልሆነ ባለቤትነትህን የሚያስረዳ ማስረጃ፥ ማለት የከፈልህበትን መረጃ ወይም ከሱቅ የገዛኸውን የጌም ቍልፍ ቍጥር ታቀርባለህ። ጥያቄህን በአንድ ደብዳቤ፥ በእውነት፥ ያለ ስድብ ጻፍ፤ አሥር ደብዳቤ መጻፍ ጉዳይን አያፋጥንም። በሩ ከተከፈተልህ በኋላ ደግሞ ዕቃ መለዋወጥ እስከ 15 ቀን ቢዘገይብህ አትቈጣ፤ አዲሱ አውተንቲኬተር ገና ጥቂት ቀኑ ነውና፥ ሌባ ገብቶ እንደ ሆነ ባለቤቱ እንዲነቃ የተሰጠ ጊዜ ነው። ይህ ሁሉ ተደርጎ ማስረጃ ከሌለህና በሩ ሳይከፈት ከቀረ፥ ጥፋቱን እንደ ሰው ተቀብለህ ለሚቀጥለው በር ተዘጋጅ።

ጌታ በምሳሌ የተናገረላቸው ዐሥሩ ቈነጃጅት ሁሉም መብራት ይዘው ነበር፤ ሁሉም ሙሽራውን ይጠብቁ ነበር፤ ሁሉም አንቀላፍተው ነበር። አምስቱን ከአምስቱ የለያቸው በማሰሮ የተያዘ ትርፍ ዘይት ብቻ ነው። ሰነፎቹ ዘይት ሊገዙ የሄዱት በሌሊት ነው፤ ሲመለሱም በሩ ተዘግቶ ነበር፤ ጥሪያቸውና ልመናቸውም አልከፈተላቸውም። ልጄ ሆይ፥ ወንድ ብትሆን ሴት ብትሆኚ፥ ይህ ምክር ለሁላችሁም ነው። ትርፍ ዘይት የሚገዛው በቀን ነው፤ ትርፍ ቍልፍም የሚጻፈው ስልኩ በእጅ ሳለ ነው። ይህን ጽሑፍ ከማጠፍህ በፊት አንድ ወረቀትና አንድ እርሳስ ፈልግ፤ ኮዶችህን ጻፍ፤ ወረቀቱንም ከስልክህ አርቀህ አኑር። ከዚያ በኋላ ዘበኛው «ማን ነህ?» ብሎ ሲጠይቅህ አትቈጣም፤ መልሱ በእጅህ አለና።